እናቴ እጇን ከሳፋው ያወጣችበት ዓመት

«እናታችንን ለማሽን ሰጥተሽ ልታርፊ ነው?» አለኝ ወንድሜ።

ደሴ ሰኞ ገበያ፣ ሱቁ በር ላይ ቆመን ነበር። ታላቄ ነው፤ ሳፋ፣ ጆግ፣ ባልዲ፣ የፕላስቲክ ነገር ሁሉ ይሸጣል። ለእናታችን የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ልገዛላት ነው ስለው መጀመሪያ ሳቀ። የምቀልድ መስሎት ነበር። እንደማልቀልድ ሲገባው ግንባሩን ቋጠረና ያቺን ነገር ወረወረብኝ። መንገደኛው እየገፋን ያልፋል፣ ደንበኛው ባልዲ እያነሳ ዋጋ ይጠይቃል፣ እሱ ግን እኔ ላይ እንዳፈጠጠ ነው።

«ማሽን ካልሆነ አንተ እጠብላታ!» አልኩት።

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ። እጅ የለህም?»

«ኧረ በአላህ! ወንዱ ልጅ ሳህን ያጥባል?»

«እንግዲያው ዝም በል።»

እሱ ደግሞ ዝም የሚል ሰው ነው! ሰው ምን ይላል፣ ሴት ልጅ ወልዳ የሚያጥብላት አጣች ይላል፣ እኔስ በየት በኩል ቀና ብዬ እሄዳለሁ፣ እያለ ቀጠለ። «ሰው ምን ይላል» የሚሉትን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አልወደውም። ሰው የሚለውን ይበል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬው ሄድኩ።

ስለ እናቴ እጅ ልናገር። እናቴ የምትኖረው እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ ብቻዋን። ብቻዋን የምለው ለአነጋገር ያህል ነው እንጂ ቤቷ ሰው ተለይቶት አያውቅም። የሰፈሩ ቅሬ ዕቃ የሚቀመጠው እሷ ዘንድ ነው። ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ለቀስተኛውን የሚያበላው የሰፈሩ ማኅበር ነው፤ ሌላ አገር ዕድር የሚሉት። ሳህኑ፣ ትሪው፣ ብርጭቆው፣ ጭልፋው በእናቴ ጓዳ ተደርድሮ ይኖራል። ልቅሶ ሲሆን ይወጣል፣ ልቅሶው ሲያበቃ ቆሽሾ ይመለሳል። በደንቡ ሴቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ማጠብ አለባቸው። ያጥባሉም፤ አንዴ ለቅለቅ ለቅለቅ አድርገው ወደየቤታቸው ይገባሉ። ከዚያ እናቴ «ሳሙናው አልለቀቀም፣ ጠሃራ አልሆነም፣ አልጸዳም» ትልና ሁሉንም እንደገና ታጥበዋለች።

የደሴ ውሃ አጥንት ይገባል። ያ ውሃ፣ በረኪናውና የዱቄት ሳሙናው ተባብረው የእናቴን እጅ በሉት። መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቀ፣ በኋላ በጣቶቿ መካከል ያለው ቆዳ እየተላጠ ይደማ ጀመር። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ቅባት ሰጣትና «እናቴ፣ ሳሙና የገባበት ውሃ አይንኩ። ከነኩ ቅባቱ ምንም አይሠራልዎትም፣ ሲብስም ጣትዎን ማጠፍ ያቅትዎታል» አላት። እሺ አለችው። ቤት ደርሳ ሻርፗን እንኳ ሳታወልቅ ሳፋው ሥር ተቀመጠች።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ውዱኡ ነው። እናቴ በቀን አምስቴ ለሰላት ስትተጣጠብ ውሃው ስንጥቁ ውስጥ ይገባና እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። ጎረቤቶቿ ያዩዋታል። «አላህን ፈርታ እኮ ነው! ማሻአላህ፣ ኢማኗን እዩት!» ይባባላሉ። እሷ ዝም ትላለች። አንድ ቀን ቧንቧው አጠገብ ቆሜ «እማ፣ ለምን አትነግሪያቸውም?» ብላት «ምን ብዬ? ውዱእ አመመኝ ብዬ? አስተግፊሩላህ!» አለችኝ። ለታመመ ሰው ያለ ውሃ ተየሙም ማድረግ ይፈቀዳል ብላት ደግሞ «ቤቴ ውሃ እያለ?» ብላ አሻፈረኝ አለች።

ደሜ ፈላ። ከሁለቱ ውሃ አንዱን መተው አለባት፤ የሰላቱን ሞታ አትተውም። እንግዲያው የሳፋውን ትተዋለች፣ አበቃ።

ሌላ መንገድ አልሞከርንም እንዳይባል ሞክረናል። ጓንት ገዛሁላት፤ ላቡ አቁስሏት ባሰባት። ሠራተኛ ቀጠርንላት፤ ልጅቷ ያጠበችውን እናቴ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለች ታጥባለች። «ታዲያ እኔ ምን ልሠራ?» ብላ ሄደች፣ እውነቷን ነው። እኔ ኮምቦልቻ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፣ በፈረቃ እሠራለሁ፣ የምኖረውም እዚያው ነው። በየቀኑ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ሳህን ልጠብ ብል እንጀራዬን መተው ነበረብኝ። ወንድሜ ይኼንንም አስቦልኛል፤ «ሥራሽን ብትለቂስ?» አለኝ። የመለስኩለት እዚህ አይጻፍም።

ኮምቦልቻ ዳር ላይ፣ ሥራቸውን ጨርሰው የሄዱ የፈረንጆች ካምፕ ሲፈርስ ዕቃውን ጠቅልላ የገዛች ሴት አለች። በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ውስጥ አልጋው፣ ፍሪጁ፣ ምድጃው፣ ያልታወቀው ሁሉ ተከምሯል። ያገለገለ ዕቃ ልትገዛ የሄደች ሌላ ሴት ገንዘብ ይዛ ትሄድ ይሆናል፤ እኔ የቆሸሸ ሳህን ይዤ ሄድኩ። ሽሮ አስነክቼ፣ አሳድሬ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ በፌስታል ቋጥሬ። ባለዕቃዋ ፌስታሉን አይታ «ምሳ ነው?» አለችኝ።

«ፈተና ነው» አልኳት።

ግቢው ውስጥ ሁለት ማሽን ነበር። አንዱ እንደ መስተዋት ያበራል። «እህቴ፣ ይኼ አዲስ ነው፣ እጅ አልነካውም» አለችኝ። በሩን ከፈትኩት። እጅ ያልነካው ማሽን የከረመ ወጥ ይሸታል! የበሩን ጎማ ዳሰስኩት፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውሃ ይሞላበት ብዬ ጨቀጨቅኳት፤ ሲሞላ ከሥሩ እየተንጠባጠበ መሬቱን አጨቀየው። «ትንሽ ላብ ነው» አለችኝ። ዓይኗን በጨው ታጥባ ላብ ነው ትለኛለች!

ሁለተኛው በሩ የተጫረ፣ መልኩ የወየበ ነው። ጎማው ግን ለስላሳ ነው። ውስጡ ያሉትን ውሃ የሚረጩ ክንፎች በጣቴ ገፋ ባደርጋቸው ዞሩ፤ ቀዳዳዎቻቸውን ወደ ብርሃን አድርጌ አየኋቸው፣ አልተደፈኑም። ማጣሪያውን አውጥቼ አየሁት። «በይ ይህን አስነሺው» አልኳት።

«እኛ እያሠራን አናሳይም።»

«እኔም ሲሠራ ሳላይ አልገዛም።»

ተፋጠጥን። እሷም ግትር፣ እኔም ግትር። በመጨረሻ እኔን ከግቢዋ ለማስወጣት ያለው መንገድ ያ ብቻ እንደሆነ ገባትና ሶኬቱን ሰካችው። ሳህኖቼን ደረደርኩ፣ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ፣ እስኪጨርስ ፊቱ ቁጭ አልኩ። የኮምቦልቻ ፀሐይ አናቴን እየጠበሰኝ ነው። ሲያቆም አንዱን ሳህን አወጣሁና በጥፍሬ ፋቅሁት። ጥፍሬ ላይ ሽሮ የሚባል ነገር የለም። አሸተትኩት፣ ምንም። እዚያው እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ ዋጋ እንዳትጨምርብኝ ብዬ ፊቴን አጨፈገግኩ።

ማሽኑን አይሱዙ ላይ ጭኜ ሐረጎን ስንወጣ ሹፌሩ «የልብስ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የሳህን ነው አልኩት። ዳገቱን እስክንጨርስ ድረስ ራሱን እየነቀነቀ «ያረቢ! ያረቢ!» ይላል። ምን ተሳነው ለማለት ይሁን ምን ደረሰብን ለማለት፣ አልጠየቅኩትም።

ሆጤ ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ እናቴም ከሮቶ ነው የምትጠቀመው። የሮቶው ውሃ ጉልበት የለውም። ትንሽ ፓምፕ ገዛሁ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ፣ መስመሩን አስቀጠልኩ። እናቴ ጓዳው በር ላይ ቆማ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ታያለች። «ይኼ ሁሉ ለኔ ነው?» አለች። ፊቷን ሳየው አንጀቴን በላችው።

ገና ሥራ ሳይጀምር ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ከሁሉ ቀድመው የመጡት የቅሬው ሴቶች አለቃ ናቸው። የእናቴ እኩያ ናቸው፣ አጥራችን አንድ ነው፣ ክፉ ሰው ናቸው አልልም፤ አባቴ የሞተ ጊዜ እናቴን ደግፈው የያዟት እሳቸው ናቸው። ማሽኑን ዞር ዞር ብለው አዩትና «ከየት መጣ?» አሉኝ።

«ኮምቦልቻ፣ ከካምፕ ዕቃ ነው፣ እትዬ።»

«ከፈረንጆቹ?»

«አዎ።»

«ታዲያ አሳማ የበሉበትን ሳህን ሲያጥብ የኖረ አይደለም?»

ጎማውን ዳስሻለሁ፣ ክንፉን አዙሬያለሁ፣ ማጣሪያውን አይቻለሁ፤ ይኼ ግን በሐሳቤ ውል አላለም። እናቴን አየኋት። እጇ ከነጠላው ወጥቶ ሳፋውን እየፈለገ ነበር። ወንድሜም እዚያው ነበር። «ብዬ ነበር!» አለ። ምኑን ነው ያለው? ስለ አሳማ አንድ ቃል አልወጣውም!

«ይጸዳል» አለች እናቴ፣ ቀስ ብላ። «አባቴ ኪታብ ሲያስቀሩ፣ ተማሪ ሲያስተምሩ፣ ከመጋረጃ ኋላ እሰማ ነበር። አሳማ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው።» ወንድሜ የሰፈሩ መስጊድ ሸህ ዘንድ ልጠይቅ ብሎ ተነስቶ ሄደ፣ በደስታ ነው የሄደው፣ ሀራም ነው የሚባል መስሎት። ሲመለስ ፊቱ ወድቋል። «ይጸዳል ብለዋል» አለ፣ እንደ መርዶ።

አፈሩን ንጹሕ ይሁን ብዬ ከደሴ ዙሪያ፣ ከእናቴ ዘመዶች ማሳ አስቆፍሬ አመጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ከረጢቴን እግሬ ሥር ሳደርግ ረዳቱ «ምን ልትዘሪበት ነው?» አለኝ። «ማሽን ላጥብበት» አልኩት። ከእኔ ራቅ ብሎ ቆመ።

አሁን የሠራነውን ጉድ ስሙ። አፈሩን ግድግዳው ላይ ቀብተን በጨርቅ ማጠብ እንችል ነበር። እናቴ ግን «ክንፉ ውስጥስ? ቱቦው ውስጥስ? ሳህን የነካው ውሃ ያለፈበት ሁሉ አፈር ካልነካው ምኑን ታጠበ?» አለች። እኔም ትክክል ነች አልኩ። አፈሩን በጥብጬ ማሽኑ ውስጥ ገለበጥኩት። «ጨምሪ፣ ስስት አይሁን» አለች። ጨመርኩ። በሩን ዘጋሁና አስነሳሁት።

ማሽኑ አጉረመረመ። ከዚያ ጮኸ። ከዚያ እንደ ታነቀ ሰው እህ እህ አለና ቀጥ አለ። በሩን ስከፍተው ውስጡ የክረምት ቦይ መስሏል፤ ማጣሪያው በጭቃ ተደፍኖ ውሃው መሄጃ አጥቶ ተኝቷል። የቅሬዋ አለቃ በሩ ላይ ሆነው ሲያዩ ነበር። «አየሽ ልጄ? ራሱ ማሽኑ አልፈልግም አለ እኮ» አሉኝና ሳቁ። ወንድሜም ሳቀ።

እናቴ አልሳቀችም። ማሽኑ ፊት ተንበረከከች፣ እጅጌዋን ሰበሰበችና ያንን የቆሰለ እጇን ወደ ጭቃው ላከችው።

«እጅሽን አውጪ!» ብዬ ጮኽኩባት።

በሕይወቴ እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። ሁሉም ደነገጠ። እኔ ግን አላቆምኩም፤ ወደ ወንድሜ ዞርኩ። «ይኼን እጅ አይተኸዋል? ቀርበህ አይተኸዋል? ናና እይ! ሰው ምን ይላል ስትል ይኼ እጅ ሰው አይደለም?»

መጣ። እጇን ያዘና አገላበጠው። ለካ ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይቶት አያውቅም፤ ሁልጊዜ በነጠላ ተሸፍኖ ነው የሚያየው። ኮቱን አወለቀ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰበሰበ፣ እናቴን ቀስ አድርጎ ከመሬት አስነሳትና በእሷ ቦታ ተንበረከከ። ጭቃውን በማንኪያ እየጠረገ፣ ማጣሪያውን እያወጣ፣ ክንፎቹን በክር እየጎረጎረ ከቀትሩ ዝሁር እስከ ከሰዓቱ ዐስር ሰላት አቀርቅሮ ዋለ። ሲጨርስ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ገበያ ውስጥ ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ።

«አብሽር፣ አልናገርም» አልኩት። ይኸው ተናገርኩ።

የቀረውን ስድስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ብቻ እያዞርን ጨረስን። ማሽኑ ዳነ። የመጀመሪያው ሳህን ሲወጣ እናቴ ቢስሚላህ ብላ ምሳዋን በእሱ በላች፣ የቅሬዋ አለቃ ፊት፣ ሳትቸኩል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት የእኔ ወራት ናቸው። በየሳምንቱ ከኮምቦልቻ ስመጣ መጀመሪያ የማየው እጇን ነው። መድማቱ ቆመ። ስንጥቁ ጠበበ፣ ቆዳው ሸፈነው። አንድ ቀን ደግሞ ቧንቧው ላይ ሆና ጣቶቿን እያፈራረቀች ውሃ ስታሳልፍ ፊቷን አየሁት፤ ደረቅ ነው። ዞር ብዬ እኔ አለቀስኩላት።

ጎረቤቶቹ ግን ያንን እንባ አጡት። «ቀዝቅዛለች» ተባለ። «ምቾት ኢማን ይቀንሳል» ተባለ። ድንቄም! የሰው እንባ አምሯቸው ነው። እናቴም ሰማች።

ከዚያ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ሞቱ። ልቅሶው አበቃና የቅሬው ዕቃ እንደ ልማዱ በሳፋና በዘንቢል ተጭኖ ወደ እናቴ ግቢ መጣ። ሴቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ነበር። እኔም ፈቃድ ወስጄ መጥቻለሁ። ሳህኖቹን ወደ ጓዳ ላስገባ ስል የቅሬዋ አለቃ ክንዴን ያዙኝ።

«ይኼ የቅሬ ዕቃ ነው» አሉ፣ ድምጻቸውን ከፍ አድርገው። «በማሽን አይታጠብም።»

«ለምን፣ እትዬ? ጠሃራ ነው። ሸሁ ይጸዳል ብለዋል።»

«ጠሃራ አይደለም አልወጣኝም። ቅሬ ጉልበት ነው፣ ልጄ። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የምንሰጠው ጉልበታችንን ነው። ማሽን ምን ጉልበት አለው? ማንን ያጽናናል?» ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። «እኔም እኮ እጄ ያመኛል። አንድ ቀን ትንፍሽ ብዬ አውቃለሁ?»

አንዳንዶቹ ሴቶች እውነታቸውን ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አፌን ልከፍት ስል እናቴ በዓይኗ አስቆመችኝ። ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። እጆቿን ከነጠላዋ ውስጥ አወጣችና ሁሉም እንዲያዩዋቸው ጉልበቷ ላይ ዘረጋቻቸው።

«እኔም ትንፍሽ አላልኩም» አለች። «ስንት ዓመት ሙሉ ውዱእ ሳደርግ ሳለቅስ አይታችሁኛል። አላህን ፈርታ ነው አላችሁ። ወላሂ ውሸት ነው። እጄ እየተቃጠለ ነበር የማለቅሰው። ውሃ ፈርቼ ነው። ሰላት ሲደርስ የማስበው ስለ አላህ አልነበረም፣ ስለ ቧንቧው ነበር። ይኼን እያወቅኩ ሙገሳችሁን ተቀብዬ ዝም አልኩ።»

እኔ እንኳ ይኼን አላውቅም ነበር። ሕመሙን አውቃለሁ፤ ሰላቷን እንደወሰደባት ግን አላውቅም።

«አሁን ስቆም አላህ ፊት እንደቆምኩ ይታወቀኛል» አለች እናቴ። «ይኼን ለማንም አልሰጥም፣ ለቅሬም። ለቀብር ጉልበቴን እሰጣለሁ፣ እጋግራለሁ፣ ከሐዘንተኛ ጋር እቀመጣለሁ። እጄን ግን ሳፋ ውስጥ አልመልሰውም። በማሽን አይታጠብም ካላችሁ ዕቃው ያውላችሁ። ቅር አይለኝም፣ ሀላል ብያችኋለሁ። ማናችሁ ቤት ይሂድ?»

አንዷ መሬቱን አየች። አንዷ የልጅ ጫማ ታስር ጀመር። ሌላዋ ከዘንቢሉ የወደቀ ማንኪያ አንስታ በቀሚሷ ትወለውል ገባች። ራሳቸውን ሲነቀንቁ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ወደ አለቃቸው አዩ።

የቅሬዋ አለቃ የገዛ እጃቸውን አዩ። ያን ጊዜ እኔም አየሁት፤ የመሐል ጣታቸው አይዘረጋም፣ መገጣጠሚያው ላይ ያለው ቆዳ ተሰንጥቋል። ቶሎ ብለው ሻርፓቸው ውስጥ ሊከቱት ነበር። እናቴ ቀደመቻቸው፤ ከበርጩማዋ ሳትነሣ፣ ለእህት በሚነገር ድምጽ፦

«ያን ሳህን አንሺና ለልጄ አቀብያት» አለቻቸው።

ጎንበስ ብለው አነሱና አቀበሉኝ።